ወጣት ሰው ስትሮክ ሲመታው፦ ስለ ደም መርጋት ምርመራ እህቴን ሳስታምም ያወቅሁት

ይህን የምጽፈው ገና በወጣትነቱ ስትሮክ የመታው ዘመድ ይዘው «በዚህ ዕድሜ ከየት መጣ?» እያሉ ለሚጨነቁ ሰዎች ነው። በተለይ ደግሞ «የደም መርጋት ምርመራ ሙሉውን አሠሩላት» ተብለው ዋጋውን ሲሰሙ ክው ላሉ። ሐኪም አይደለሁም፤ ጎንደር ማራኪ ሰፈር የምኖር የኬሚስትሪ መምህርት ነኝ። ታናሽ እህቴን ሳስታምም ግን ያገኘሁትን ሐኪምና የላብራቶሪ ባለሙያ ሁሉ በጥያቄ ሳደርቅ ነው የከረምኩት፤ መልሱንም ደብተር ላይ አሰፍር ነበር።

ዋናውን ነገር ከፊት ላስቀምጠው። «የደም መርጋት ምርመራ» የሚባለው አንድ ምርመራ ሳይሆን የብዙ ምርመራዎች ጥርቅም ነው። አብዛኛው ለአብዛኛው የስትሮክ ሕመምተኛ ምንም አይፈይድም። ከመሀሉ አንድ ክፍል ግን አለ፤ ለወጣት ሰው፣ በተለይ ፅንስ ለጨነገፈባት ሴት፣ የምትወስደውን መድኃኒት የሚያስቀይር። እሱም ቢሆን ደሙ መቼ እንደተቀዳ፣ ከየትኛው መርፌ በፊት እንደተቀዳ፣ ኋላም መደገም አለመደገሙ ካልታወቀ ብር መበተን ነው።

የእህቴን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። ያኔ 31 ዓመቷ ነበር፤ ግፊት የለባት፣ ስኳር የለባት፣ ሲጋራ የሚባል አታውቅ። አንድ ቀን ጠዋት ቡና ልታፈላ ስትል ቀኝ እጇ ጀበናውን መያዝ አቃተው፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ሄደ፣ የምትናገረው ተምታታ። እናታችን «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ልትቀጥፍ ወደ ጓሮ ሮጠች። አማቷ «የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል ውሰዷት» አሉ። ባሏ ሁለቱንም ሳይሰማ ባጃጅ ጠርቶ ሆስፒታል አደረሳት፤ እግዜር ይስጠው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ባለበት አገር እንኳ የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ፊት ከጠመመ፣ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተያዘ ዳማከሴው ይቆይ።

ሲቲ ስካኑ አንጎሏ ውስጥ ደም እንዳልፈሰሰ፣ ይልቁንም በግራ በኩል አንድ ደም ሥር በረጋ ደም መዘጋቱን አሳየ። ስትሮክ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ ወይ ደም ሥር ፈንድቶ ደም ይፈሳል፣ ወይ ደም ሥር ተደፍኖ ደም ይቋረጣል። እኔ የምጽፍላችሁ ስለ ሁለተኛው ነው። ከውጭ ሲታዩ አይለዩም፤ ስለዚህ ሲቲ ሳይነሳ «አስፒሪን እንስጣት» የሚል ጎረቤት ካለ በትሕትና አስቀምጡት።

በዚያው ሰሞን ለእህቴ ባል አንድ ወዳጁ ከአዲስ አበባ የአንድ የግል ላብራቶሪ ዝርዝር በቴሌግራም ላከለት። ከላይ «ሙሉ የደም መርጋት ፓኬጅ» ይላል፤ ከሥሩ ፕሮቲን ሲ፣ ፕሮቲን ኤስ፣ አንቲትሮምቢን፣ ፋክተር ፋይቭ ላይደን፣ ሌላም ሌላም ተደርድሯል። ዋጋውን አልጽፍም፤ የእኔን የወራት ደመወዝ ይውጣል። የእህቴ ባል ግን ቆርጧል። «እትዬ፣ ላሚቱንም ቢሆን ሸጬ አሠራለሁ» አለኝ። ፒያሳ አሳትሞት መጣና የእህቴን ክፍል ለምታየው ሬዚደንት ሐኪም ሰጣት።

ዶክተሯ ወረቀቱን አየችው፣ ኪሷ ውስጥ አጠፈችው፣ «መጀመሪያ ልቧን ልይ» አለች።

በኛ አገር ወጣት ሰው ስትሮክ ሲመታው ከደም ባሕርይ በፊት የሚጠረጠረው ልብ ነው። ልጅ ሳለን ጉሮሯችን ሲያመን ፔኒሲሊን በመውሰድ ፋንታ እንጥል ስንቆረጥ ኖረናል፤ ያልታከመው የጉሮሮ ሕመም በአንዳንዱ ልጅ ላይ ኋላ የልብ በር ያበላሻል፤ የጠበበው የልብ በር ደሙን ያቆረዋል፣ የልብ ምቱም ይዛባል፤ ያቆረው ደም ይረጋና ተነቅሎ ወደ አንጎል ይሄዳል። ይህን የሚያሳዩት ሁላችንም ኢኮ የምንለው የልብ አልትራሳውንድና የልብን ምት የሚመዘግበው ኢሲጂ ናቸው። በዚያ ላይ ስኳር፣ የደም ቅባት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ፣ ሙሉ የደም ቆጠራ አለ። እነዚህ ሳይታዩ ወደ ፕሮቲን ኤስ መሮጥ ነገሩን ከኋላ መጀመር ነው። የእህቴ ልብ ንጹሕ ሆነ። የደም ቆጠራዋ ላይ ግን ፕሌትሌቷ (ደም እንዲረጋ የሚረዱት ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) ከ150 ሺህ በታች ወርዶ ተገኘ፤ ብዙም አይደለም፣ ትንሽ ነው። ዶክተሯ በእስክርቢቶ ከበበችው።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ከምርመራው ሁሉ ይበልጥብኛል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ።

ዶክተሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ «ወልዳ ታውቃለች? ፅንስ ወርዶባት ያውቃል?» ብላ ጠየቀች። እህቴ መልስ መስጠት አትችልም፤ የምታስበውን ታውቀዋለች፣ ቃሉ ግን አይመጣላትም። አማቷ ፈጠን ብለው «ኧረ የለም ልጄ፣ እግዜር ገና አልሰጣትም» አሉ። ባሏ አንገቱን ደፋ። እህቴ ግራ እጇን አንስታ እጄን ያዘችኝ። እኔ ነኝ የማውቀው። ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል፤ አንዱ በአምስተኛ ወሩ፣ እንቅስቃሴው ከታወቀ በኋላ ነው የሞተው። በቤታቸው ይህ አይነሳም። አማቷን ይቅርታ ጠይቄ ሁሉንም ተናገርኩ።

ዶክተሯ ብቻዬን ወደ ኮሪደር ይዛኝ ወጣችና «በእርግዝናዋ ጊዜ የቂጥኝ ምርመራ ተደርጎላት ነበር? ምን አለ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት፤ ይህን የምናውቀው እኔ፣ እህቴና ባሏ ብቻ ነን። በእርግዝና ክትትል ላይ ቪዲአርኤል የሚባለው ምርመራ «ሪአክቲቭ» ብሎ ወጥቶባት ነበር። በዚያ ወረቀት የተነሳ ትዳሩ ሊፈርስ አንድ ክር ቀርቶት ነበር። እሱ «ከየት አመጣሽው?» ይላል፤ እሷ «አንተ ነህ ያመጣኸው» ትላለች። የእሱ ሲመረመር ምንም የለም። ሁለቱም መርፌውን ተወጉ፣ ነገሩ ተዳፈነ፣ ግን አልወጣላቸውም።

ዶክተሯ የነገረችኝን በራሴ አነጋገር ልጻፈው። ቪዲአርኤል የቂጥኙን ጀርም ራሱን አይፈልግም። ካርዲዮሊፒን የሚባል ቅባት ቢጤ ንጥረ ነገር ይዞ፣ ደሙ ውስጥ በዚያ ላይ የሚያምፅ አንቲቦዲ (ሰውነት ለመከላከያ የሚሠራው ፕሮቲን) መኖሩን ነው የሚያየው። ቂጥኝ የያዘው ሰው ይህ አንቲቦዲ ይኖረዋል። ቂጥኝ ሳይኖርባቸውም የሚኖራቸው ሰዎች አሉ፤ የራሳቸው ሰውነት መከላከያ አቅጣጫውን ስቶ እንዲህ ያሉ ቅባቶችንና ከቅባቶቹ ጋር የሚጣበቁ ፕሮቲኖችን ማጥቃት የጀመረባቸው። ደማቸው ይረጋል፤ በእግር፣ በሳንባ፣ በአንጎል፣ በእንግዴ ልጅ ውስጥም። ፅንሱ በዚያ ሳቢያ ይሞታል። ፕሌትሌት መውረድም አብሮ ይመጣል። ስሙ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም ነው፤ በ1983 (እንደ አውሮፓውያን) እንግሊዛዊው ሐኪም ግሬሃም ሂውዝና ባልደረቦቹ ነበሩ ነገሩን አያይዘው የጻፉት። በዘር የሚወረስ አይደለም፤ የሚተላለፍም አይደለም።

ወዲያው ቲፒኤችኤ የሚባለው፣ ለቂጥኝ ለራሱ የሆነው ምርመራ ታዘዘ። ኔጋቲቭ ሆነ። ያን ወረቀት ለባሏ ያነበብኩለት እኔ ነኝ። ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለና ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ያኔ ክትትል የምታደርግበት ተቋም ይህን ማረጋገጫ ቢያዝ ኖሮ ብዙ ዕንባ ይተርፍ ነበር። እርጉዝ ሆና ቪዲአርኤል የወጣባት እህት ካለች ማረጋገጫውን ትጠይቅ። ሕክምናውን ግን «ማረጋገጫው እስኪመጣ» ብላ አታዘግየው፤ ቂጥኝ እውነትም ከሆነ ፅንሱን ይጎዳል።

ከዚህ በኋላ ነው ዶክተሯ ያንን የታጠፈ ዝርዝር ከኪሷ አውጥታ እየሰረዘች የወረደችው። ፕሮቲን ሲን፣ ፕሮቲን ኤስንና አንቲትሮምቢንን አንድ ላይ ሰረዘች። እነዚህ ደም ከልክ በላይ እንዳይረጋ የሚጠብቁ ፕሮቲኖች ናቸው፤ በዘር የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። ነገር ግን ትኩስ የረጋ ደም ባለበት ሰሞን በሥራ ላይ ስለሚያልቁ ለጊዜው ይቀንሳሉ፤ በዚያ ሰሞን የተቀዳ ደም «አንሷል» ቢል እውነት ይሁን የጊዜው ነገር አይታወቅም። ደም እንዳይረጋ ከሚሰጡት መድኃኒቶች ዋርፋሪን ፕሮቲን ሲንና ኤስን ያወርዳል፤ ሄፓሪን አንቲትሮምቢንን ያወርዳል፤ እርግዝናና ኤስትሮጅን ያለበት የእርግዝና መከላከያ ክኒን ፕሮቲን ኤስን ያወርዳል። በዚያ ላይ እነዚህ የዘር ችግሮች በዋናነት የሚያረጉት ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ነው፤ የእግርና የሳንባ መርጋት ማለት ነው። የእህቴን ዓይነት፣ የአንጎል አርተሪ (ደም ከልብ የሚያመጣ ሥር) የዘጋ ስትሮክ ከነሱ ጋር ያለው ዝምድና ደካማ ነው።

ፋክተር ፋይቭ ላይደንንም ሰረዘች። በ1994 ኔዘርላንድስ ውስጥ ላይደን ከተማ የተገኘ የዘር ለውጥ ነው፤ በአውሮፓውያን ዘንድ የተለመደ ሲሆን በአፍሪካ ግን ብርቅ ነው። የውጭ አገር ዝርዝር እንዳለ ተገልብጦ ሲመጣ እንዲህ ነው፤ የፈረንጅ በሽታ በኛ ብር ይፈለጋል።

እነዚህ ፈጽሞ አያስፈልጉም ማለቴ አይደለም። ሁለት ሁኔታ ነግራኛለች። አንደኛው የአንጎል ደም መላሽ ሥር መርጋት ነው፤ አራስ ሴት ወይም የመከላከያ ክኒን የምትወስድ ሴት የማይለቅ ራስ ምታት፣ ትውከት፣ የዓይን መጋረድ፣ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ሲመጣባት ይጠረጠራል። ሁለተኛው በልብ ሁለት ክፍሎች መሀል ከልጅነት ጀምሮ ያልተዘጋ ቀዳዳ ሲገኝ ነው፤ ከ4 ሰው በ1ዱ ላይ ያህል አለ፣ አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ይኖራል። አልፎ አልፎ ግን ከእግር የተነሳ የረጋ ደም በዚያ ሾልኮ አንጎል ይደርሳል። በእነዚህ ላይ ሐኪሙ የዘሩን ምርመራ ሊያዝ ይችላል፤ ያም ቢሆን ትኩሱ ሕመም አልፎ፣ መድኃኒቱ ግምት ውስጥ ገብቶ ነው።

ዝርዝሩ ላይ የቀሩት ሦስት ሆኑ፦ አንቲካርዲዮሊፒን፣ አንቲ ቤታ ቱ ግላይኮፕሮቲን፣ ሉፐስ አንቲኮአጉላንት። ሦስቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። የመጨረሻው ስሙ አያስደንግጣችሁ፤ ሉፐስ የሚባለው በሽታ የሌለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ ይገኛል።

አሁን ስለ ደም አቀዳዱ። በሆዷ ላይ የሚሰጠው የሄፓሪን መርፌ ገና አልተጀመረም ነበር፤ ዶክተሯ ለነርሷ «ደሙ ሳይቀዳ መርፌው እንዳይሰጥ» ብላ ካርዱ ላይ ጻፈች። ሄፓሪን የሉፐስ አንቲኮአጉላንቱን ውጤት ያዛባል፤ አስፒሪን ግን ችግር የለውም። እናንተም አስታማሚ ከሆናችሁ ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ደሙ የሚቀዳው ከመርፌው በፊት ነው በኋላ?»

ሰማያዊ ክዳን ያለውን ቱቦ ይዤ ላብራቶሪ መስኮት ስደርስ ባለሙያው ወደ ብርሃን አንስቶ አየውና መለሰልኝ። ደሙ ቱቦው ላይ ካለችው መስመር ዝቅ ብሏል። «ይህ አይሠራም እህቴ፣ እንደገና ይቀዳ» አለ። ሌላው አስታማሚ አጉረመረመ፤ እኔ ግን የሙያዬ ነገር ስለሆነ ደስ አለኝ። ቱቦው ውስጥ የተለካ ሶዲየም ሲትሬት አለ፤ 9 እጅ ደም ለ1 እጅ ሲትሬት። ሲትሬቱ ካልሲየሙን ይይዘዋል፣ ያለ ካልሲየም ደም አይረጋም፤ ማሽኑ ዘንድ ሲደርስ ካልሲየም ተመልሶ ተጨምሮበት ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይቆጠራል። ደሙ ካነሰ ሲትሬቱ ይበዛል፣ ደሟ ሳይዘገይ የዘገየ ይመስላል። ቱቦው እስከ መስመሩ ካልሞላ አትቀበሉ፤ ቀስ ብለው እንዲገለብጡትም ንገሯቸው፣ እንዳይመቱት።

ጎንደር ላይ የተሠራላት ኤፒቲቲ የሚባለው ነው፤ መልሱ ረዝሞ መጣ። ማለትም ደሟ ቱቦ ውስጥ ለመርጋት ከተለመደው በላይ ጊዜ ወሰደ። እዚህ ላይ ቤተሰቡ ተበጣበጠ። ፋርማሲ የሚሠራ የአጎቴ ልጅ ወረቀቱን አይቶ «ደሟ ቀጭን ነው! ማነው ደግሞ አስፒሪን የሚሰጣት? ልትገድሏት ነው?» ብሎ ጮኸ። ለሚመለከተው ሰው የሚመስለውም እሱ ያለው ነው። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ በምርመራው ላይ ደሙ የሚረጋው በተጨመረለት ፎስፎሊፒድ (ካርዲዮሊፒንም የሱ ወገን የሆነ ቅባት) ላይ ነው። የእህቴ አንቲቦዲ ያንን ፎስፎሊፒድ ቀድሞ ይይዘዋል፤ ስለዚህ ቱቦ ውስጥ መርጋቱ ይዘገያል። ሰውነቷ ውስጥ ያው አንቲቦዲ የደም ሥሩን ግድግዳና ፕሌትሌቱን ቀስቅሶ ያረጋል። ብርጭቆ ውስጥ ቀጭን፣ ሰው ውስጥ ወፍራም። የላብራቶሪው ሰው ደግሞ የጤነኛ ሰው ፕላዝማ (ሕዋሳቱ የተለዩለት የደም ውሃ) እኩል ቀላቅሎ ደገመው። ችግሩ የጎደለ ነገር ቢሆን ኖሮ በጤነኛው ፕላዝማ ሞልቶ ጊዜው ይስተካከል ነበር፤ አልተስተካከለም። የሚያግድ ነገር አለ ማለት ነው። ይህን ለአጎቴ ልጅ እስኪገባው ድረስ ወረቀት ላይ ሳልኩለት።

የተቀሩት ወደ አዲስ አበባ መላክ ነበረባቸው። አንቲካርዲዮሊፒኑና አንቲ ቤታ ቱው በሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ በሚተርፈው ውሃ) ስለሚሠሩ በበረዶ ሣጥን ይሄዳሉ። የሉፐስ አንቲኮአጉላንቱ ሙሉ ምርመራ ግን ጣጣው ብዙ ነው፤ ፕላዝማው ፕሌትሌት እንዳይቀርበት ሁለት ጊዜ በማሽን ተሽከርክሮ፣ ደሙ በተቀዳ በ4 ሰዓት ውስጥ ካልተሠራ በረዶ ሆኖ፣ ሳይቀልጥ መድረስ አለበት። መብራት በሚጠፋበት፣ መንገድ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን በሚዘጋበት ጊዜ ይህን ማመን ይከብዳል። ዶክተሯ «ቀልጦ የደረሰ ናሙና ካልተላከ ናሙና ይከፋል» ብላ ሁለቱን ብቻ አስላከች። አዲስ አበባ ድረስ ሕመምተኛዋን ይዘው ለመሄድ አቅም ያላቸው እዚያው ማስቀዳት ይችላሉ፤ እኛ በዚያ ሁኔታዋ አላንቀሳቀስናትም።

ውጤቱ ሲመጣ ሁለቱም ከፍ ብለው ተገኙ። ከፍ ማለት ራሱ ደረጃ አለው። ለአንቲካርዲዮሊፒን ሐኪሞቹ ቁም ነገር የሚሉት ከ40 ዩኒት በላይ ሲሆን ነው፤ ከመደበኛው ጥቂት አለፍ ያለ ቁጥር በብዙ ጤነኛ ሰው ላይም ይታያል። «ፖዘቲቭ» የሚለውን ቃል ብቻ አይታችሁ አትደንግጡ፣ ቁጥሩን ፈልጉ።

ቢሆንም ዶክተሯ «በሽታው ይህ ነው» አላለችም። «ከ12 ሳምንት በኋላ እንደግመዋለን» ነው ያለችው። ምክንያቱም ኢንፌክሽን፣ ወባም ሆነ ሌላ፣ ይህን አንቲቦዲ ለጊዜው ያስነሳና ይጠፋል። 12 ሳምንት ቆይቶም ካለ ነው ስሙ የሚጸናው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚቀረው፤ አንዴ አሠርቶ፣ ወይ ዕድሜ ልኩን በማያስፈልገው መድኃኒት ይኖራል፣ ወይ የተሻለው መስሎት ሁለተኛውን ይተወዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቀን በፈረንጅ ነው፤ በኛ ስትቆጥሩ እንዳይምታታባችሁ ደሙ በተቀዳበት ቀን ላይ የራሳችሁን ቀን ጻፉበት። ውጤቱ የመጣበት ቀን አይደለም የሚቆጠረው።

መሀሉ ላይ ምን ትውሰድ የሚለውን ሐኪሞቹ ተመካክረው፣ ያለፈ ታሪኳን አይተው ዋርፋሪን አስጀመሯት። ሁለተኛው ደም ሲቀዳ ዋርፋሪን ላይ ነበረች፤ ያ የሉፐስ አንቲኮአጉላንቱን ሊያዛባ ይችል ነበር፣ የሁለቱን አንቲቦዲዎች ቁጥር ግን አይነካም። ለመላክ እነሱ መመረጣቸው በዚህም ጠቀመን። ሁለተኛውም ከፍ እንዳለ መጣ። ስሙ ጸና።

ዋርፋሪን የራሱ ዓለም ነው፤ ሌላ ቀን በሰፊው እጽፍ ይሆናል። ለዛሬ የሚነካንን ብቻ። አይኤንአሯ (ደሟ ለመርጋት ከተለመደው ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው ቁጥር) በ2 እና በ3 መካከል እንዲሆን ነው የሚፈለገው፤ ለዚያ በየጊዜው ደም መስጠት አለ። ጎመን አትብላ አልተባለችም፤ «አንዱን ሳምንት ጎመን በጎመን፣ ሌላውን ሳምንት ምንም» አይሁን ተባለች። በኛ ቤት ይህ ማለት ዓቢይ ጾም ሲገባ አይኤንአር ቶሎ ማስለካት ማለት ነው። ሆድ ሲቆርጥ ከፋርማሲ ፍላጅል ገዝቶ መዋጥ፣ ወይም ባክትሪም፣ ደሟን አደገኛ እስኪሆን ሊያቀጥነው ይችላል። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ክልክል ናቸው። እናቴ ጠበሉን አልተወችም፤ ዶክተሯም «እማማ፣ ጠበሉን ያጠጧት፣ ኪኒኑን ብቻ አያቋርጡባት» ብላ አስታረቀቻቸው።

አንድ ዘመዳችን ከውጭ «አይኤንአር የማይፈልግ» አዲስ መድኃኒት ልላክ ብሎ ነበር፣ ሪቫሮክሳባን። ለብዙ ሰው ጥሩ መድኃኒት ነው። ለዚህ በሽታ ግን፣ በተለይ ሦስቱም አንቲቦዲ ላለባቸውና አርተሪያቸው ተዘግቶ ለሚያውቅ፣ ከዋርፋሪን ጋር ተወዳድሮ ስትሮክ የበዛው በሱ ላይ ነው። ደግ አስበው የሚልኩ ዘመዶች ሐኪም ሳይጠየቅ አይላኩ።

የእህቴ ወሬ ሰፈር ውስጥ ከተሰማ በኋላ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አንድ ጎረቤታችን 70 ያለፋቸው አባት ናቸው፤ ግፊታቸውን መድኃኒት አቋርጠው ስትሮክ መታቸው። አሜሪካ ያለ ልጃቸው «እንደዚያች ልጅ ሙሉ የመርጋት ምርመራ ይደረግላቸው» ብሎ ብር ላከ። ሐኪማቸው እምቢ አለ፣ ልጁ ተቀየመ። እኔ ግን ሐኪሙ ትክክል ነው እላለሁ፤ መንስኤው ግፊት መሆኑ ታውቆ ሳለ፣ የሚገኘው ምንም ቢሆን ሕክምናቸው የማይቀየር ከሆነ ምን ይሠራላቸዋል? ያ ብር ለግፊት መለኪያና ለፊዚዮቴራፒ ሄደ፤ አሁን በከዘራ እስከ በራፍ ይወጣሉ። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህንኑ ነው፦ ሐኪሙን «ይህ ምርመራ ፖዘቲቭ ቢሆን ምን ትቀይራለህ? ኔጋቲቭ ቢሆንስ?» በሉት። መልሱ አንድ ዓይነት ከሆነ ብራችሁን ያዙ።

እህቴ ንግግሯ በአብዛኛው ተመልሷል፤ ሲደክማት ቃል ይጠፋባታል። እጇ ግን ጀበናውን ያነሳል። አሁን የሚያሳስባቸው ልጅ ነው። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ፅንስ ያበላሻል፤ ስለዚህ ሳይታቀድ ማርገዝ አይገባትም፤ ኤስትሮጅን ያለበትን የመከላከያ ክኒንም መውሰድ አትችልም፣ ደም ያረጋልና። ሐኪሞቹ ሌላ ዓይነት መከላከያ መርጠውላታል። ለማርገዝ ስትወስን ግን ከማርገዟ በፊት ቀርባ ከዋርፋሪን ወደ ሄፓሪን መርፌና ትንሽ አስፒሪን ትዛወራለች፤ መርፌው እስክትወልድ በየቀኑ ነው፣ ከወለደችም በኋላ ይቀጥላል። በዚህ መንገድ ብዙ ሴቶች ጤነኛ ልጅ ወልደዋል። ባሏ የመርፌውን ዋጋ ማጠያየቅ ጀምሯል፤ የጤና መድህኑ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።